የጀግናዬን ስም ቀይሪ ሲሉኝ

«ከሁለታችሁ አንዷ ስም ትቀይር» አሉ አስተባባሪያችን፣ የእኔን ኮሚክና የሌላይቱን ልጅ ኮሚክ እንደ እርጥብ ካልሲ በሁለት በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። ኮሚኩ የእኔ ነው፣ ጀግናዋ የእኔ ናት፣ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን መብራት ሳላጠፋ የወጣሁ ይመስል፣ ሂጂና አጥፍተሽ ነይ በሚል ድምፅ ነው የነገሩኝ። አስተባባሪያችን የሥዕል መምህር ስለሆኑ አንቱ እላቸዋለሁ። በሆዴ ግን ያን ቀን አንተ ብያቸዋለሁ።

ይህ የሆነው ኮምቦልቻ ነው። እዚያ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ቆርቆሮዋ በፀሐይ የሚንጣጣ የንባብ ክፍል አለች። ከደሴና ከኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የተውጣጣን ኮሚክ የምንሥል ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰባሰብነው በዚያ ቅዳሜ ነው። ሥራችን በአንድ መጽሔት ሊታተም፣ ገጾቹም ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ወላጅ ተጠርቶ ሊያያቸው ታስቦ ነበር። እኔ ከላይ ከደሴ ከወረዱት ነኝ፤ ቤታችን ሆጤ ነው። ጠዋት ስነሳ ሰፈሩ በጉም ተውጦ ነበር። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፣ ኮምቦልቻ ስንገባ ሁላችንም ሹራባችንን አውልቀን ወገባችን ላይ አስረን ነበር።

«ደሴዎች መጡ፣ ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው» አለ አንዱ የኮምቦልቻ ልጅ በሩ ላይ።

«እናንተ እኮ ሰው አይደላችሁም፣ የተቀቀላችሁ ናችሁ» አልኩት። እንዲህ ስል ገና ደስተኛ ነበርኩ።

ስለ ጀግናዬ ልንገራችሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጉም እንደ ነጠላ ትከናነበዋለች፤ ስትከናነበው ማንም አያያትም። በጉም ውስጥ መንገድ የጠፋበትን ሰው እጁን ይዛ ቤቱ ደጃፍ ታደርሰዋለች፤ ሰውየው ዞር ሲል የለችም። ብርድ ላይ ስለምትውል አፍንጫዋ ሁልጊዜ ይፈስሳል። ጓደኞቼ ይህን አጥፊው ብለውኝ ነበር። የጀግና አፍንጫ አይፈስስም ያለው ማነው? አላጠፋሁትም።

ስሟን ግን እዚህ አልጽፈውም። ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል። ለአሁኑ የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኮምቦልቻዋ ልጅ ጀግናም በዚያው ስም ነበር የምትጠራው።

«ማነው ከማን የኮረጀው?» አሉ አስተባባሪያችን።

ሌላይቱ ልጅ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የእስክርቢቶ ክዳን ታኝካለች። ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች፤ ከእኔ አንድ ክፍል ዝቅ ያለች ትመስላለች። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም።

«እኔ አልኮረጅኩም» አልኩ እኔ።

«እኔ አልኮረጅኩም» አለች እሷ፣ ከእኔ እኩል።

«ይኸው አሁንም ተኮራረጁ» አለ ያ የበሩ ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቀልዱ ጥሩ እንደሆነ የታወቀኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው፣ ያኔም በንዴት ነው የሳቅኩት።

አስተባባሪያችን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ፍርዳቸውን ሰጡ። በአንድ መጽሔት ውስጥ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ጀግኖች ካሉ አንባቢ ግራ ይጋባል። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ተነጋግረን አንዳችን ሌላ ስም ይዘን እንድንመጣ። ካልተስማማን ሁለቱም ኮሚኮች ከመጽሔቱ ይወጣሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ድምፃቸውን አለሳለሱ። «አንቺ ትልቅ ነሽ፤ ብትተዪላትስ?»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ጠረጴዛው ላይ የሦስት ወንዶች ኮሚክ ተደርድሮ ነበር። የሦስቱም ጀግና ስም አንድ ነው። የታወቀ የአውሬ ስም ነው፤ ወንድ ልጅ ጡንቻ ሥሎ ሲጨርስ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣለት ዓይነት። አንዱ አውሬ ካባ አለው፣ አንዱ ጎራዴ አለው፣ ሦስተኛው ምንም የለውም፣ ደረት ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ የእነሱስ?» አልኩ።

«የምን የእነሱ?»

«የሦስቱም ስም አንድ ነው።»

አስተባባሪያችን ሦስቱን ኮሚኮች አንድ በአንድ አዩ። በእውነት፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልብ አላሉትም ነበር። «የእነሱ ስም አይደለም፣ ማዕረግ ነው» አሉ።

ማዕረግ። እስቲ አስቡት። ወንድ ሲጠራበት ማዕረግ የሚሆን ነገር ሴት ስትጠራበት ኩረጃ ይሆናል። ደግሞ እኮ ስልክ ላይ በምናነባቸው የውጭ ኮሚኮች ውስጥ ስም ማለት እንደ ጋቢ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው አንስቶ ይለብሰዋል። ጭምብሉን ያጠለቀ ሁሉ በዚያው ስም ይጠራል፣ ሽማግሌውም፣ ጎረምሳውም፣ ከሌላ ዓለም የመጣውም። የማይተዋወቁ ሁለት አሳታሚዎች በአንድ ስም ሁለት ጀግና አውጥተው ለየብቻ ሲሸጡ ኖረዋል። አንድም አንባቢ ግራ ገብቶት መንገድ ላይ ሲቅበዘበዝ አልታየም። ይህን ሁሉ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። የተናገርኩት ግን «እሺ ቲቸር» ነው። ንዴቴ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ቋንቋ የሚያወጣው።

ሐረጎን ስንወጣ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ያቺ ልጅ እንደኮረጀችኝ እርግጠኛ ነበርኩ። የእኔ ኮሚክ ባለፈው ሴሚስተር ትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ሁሉ ፎቶ አንስቶ ሊልክ ይችላል። ደሴ ውስጥ ኮምቦልቻ ዘመድ የሌለው ማን አለ?

ቤት ስገባ እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጠርዝ እያጠፈች ነበር።

«ምነው የኔ ዓለም፣ ፊትሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ስሙን ቀይሪ እንዳሉኝ ስነግራት መርፌውን እያየች ሰማችኝ፤ ክር በጥርሷ በጠሰችና፣ «ተይላት በቃ። ስም አይደል እንዴ። ስም ሞልቷል» አለች።

ሌላ ሰው ይህን ቢለኝ ችግር የለም። እናቴ ግን ይህን የማለት መብት የላትም፤ ምክንያቱም ስሙ የእሷ ነው። ማለቴ፣ እሷ ነች ያወጣችው፣ ያወጣችውም ለእኔ ነበር።

እናቴ የቦሩ ሜዳ ልጅ ናት። እኔን ሳትወልድ ስም አዘጋጅታልኝ ነበር፤ የሚያምር፣ የወሎ ስም፣ ከመስጊድም ቢጠሩት ከቤተ ክርስቲያንም ቢጠሩት አቤት የሚል። በአባቴ በኩል ሙስሊም፣ በእናቴ በኩል ክርስቲያን ስለሆንን እናቴ ይህን አስባ ነው የመረጠችው፣ ማንም ቅር እንዳይለው። ግን የአባቴ ታላቅ እህት አራሷን ልትጠይቅ ስትመጣ ሌላ ስም በአፏ ይዛ ገባች። በአባቴ ቤት የበኩር ልጅን ስም የሚያወጡት የአባት ወገኖች ናቸው። እናቴ «ይሁን» አለች። እኔም ዛሬ የምጠራበትን ስም ያዝኩ፤ ክፉ ስም አይደለም፣ ምንም እንከን አይወጣለትም፣ ግን የእናቴ አይደለም።

እናቴ ያወጣችልኝን ስም የምሰማው ስታመም ብቻ ነበር። ትኩሳት ሲይዘኝ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ እያደረገች በዚያ ስም ትጠራኛለች። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። «በሽታው አንቺን ፈልጎ ሲመጣ እዚህ ያለችው ሌላ ልጅ መስላው ይመለስ ብዬ ነው» አለችኝ። ቀልዷን ይሁን የምሯን እስካሁን አላውቅም። ሲሻለኝ ስሙም አብሮ ይጠፋል። እንደዚህ ሆኖ ስሙ ቤታችን ውስጥ ባለቤት ሳይኖረው ኖረ፤ እኔም ጉም የምትከናነብ ልጅ ስሥል ለእሷ ሰጠኋት። እናቴ ሽፋኑ ላይ ስሙን ያየች ጊዜ የመኪናዋን ፔዳል የሚረግጠው እግሯ ቆመ። ምንም አላለችም። ትንሽ ቆይታ መርገጧን ቀጠለች። ያቺ ዝምታ ለእኔ ከጭብጨባ ትበልጣለች።

አሁን ስም ቀይሪ ማለት እናቴን ለሁለተኛ ጊዜ «ይሁን» በይ ማለት ነው። እሷማ ይኸው ትላለች፤ አፏ ለምዶታል። እኔ ነኝ የማልለው።

ሰኞ ዕለት በርበሬ ለመግዛት ሰኞ ገበያ አብሬያት ወረድኩ። ፊቴ አሁንም አልተፈታም። እናቴ የምትገዛው ከአንዲት ሴትዮ ብቻ ነው፤ ገና ከሩቅ ሲተያዩ ሁለቱም እጃቸውን ይዘረጋሉ። «ሞክሼ» ትላለች እናቴ። «ሞክሼ» ትላለች ሴትዮዋ። ልጅ ሳለሁ የሴትዮዋ ስም ሞክሼ ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ በሌላ ጠርታት አታውቅማ። ኋላ ነው የሁለቱም ስም አንድ መሆኑን ያወቅኩት። ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች በስም አይጠራሩም፤ ሞክሼ ነው የሚባባሉት። ዘመድ አይደሉም፣ ጎረቤትም አይደሉም፣ ግን የእናቴን ስም በክፉ ያነሳ ሰው ሴትዮዋ ጋ በርበሬ አያገኝም።

«ሞክሼ፣ ምነው የልጅሽ ፊት ከበርበሬዬ ባሰሳ» አለች ሴትዮዋ።

«ስሟን ወስደውባት ነው» አለች እናቴ፣ ፈገግ ብላ።

እናቴ ፈገግ ማለቷ አናደደኝ። በርበሬው ያስነጥሰኛል፣ ሰው ይጋፋኛል፣ ንዴቴ ደግሞ ጆሮዬን ደፍኖታል። ስለዚህ ዓይኔ ሥር የነበረውን ነገር ሳላየው ወደ ቤት ተመለስኩ።

በዚያ ሳምንት አንድ ገጽ ሣልኩ። የጦርነት ገጽ ነው። የኮምቦልቻዋ ልጅ ጀግና ባጃጅ ነጂ ናት፤ አስተባባሪያችን ሲያንጠለጥሉት ሽፋኑ ላይ አይቼዋለሁ። በእኔ ገጽ ላይ ጀግናዬ የደሴን ጉም ሁሉ ጠቅልላ በሐረጎ ቁልቁል ትለቀዋለች። ኮምቦልቻ በጉም ትሞላለች፤ ባጃጇ መንገድ ይጠፋባትና ጥልቅ ብላ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ትገባለች። በመጨረሻዋ ሳጥን ውስጥ የሚታየው ከውኃው ብቅ ያለ ጎማ ብቻ ነው። በጣም ቆንጆ ገጽ ነበር። ሰው ሲናደድ እጁ እንደማይንቀጠቀጥ ያኔ አወቅኩ። አስተባባሪያችን ፊት ላወጣው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ሚኒባሱ ቶሎ ስለሞላ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ከሁሉም ማለቴ ከእሷ በቀር ነው። መስኮቱ ሥር፣ እዚያው ቦታዋ ላይ ነበረች።

«የጉሟ ነሽ አይደል» አለችኝ።

«የባጃጇ ነሽ» አልኳት፣ ሰላም ሳልላት።

ትንሽ ተፋጠጥን። ከዚያ እስክርቢቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እሺ፣ ከየት አይታ ኮረጀችኝ ብለሽ ነው የምታስቢው?»

«የትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ነበር።»

«ደሴ ድረስ ወጥቼ፣ እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ፣ አንዲት ስም ሰርቄ ልመለስ። ወላሂ ሥራ ፈት አድርገሽኛል።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። «ታዲያ ስሙን ከየት አመጣሽው?»

«የእህቴ ነው።»

ታላቅ እህቷ አረብ አገር ናት። ሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ ይቺ ልጅ ገና ትንሽ ነበረች። እህቷ ስመለስ ባጃጅ ነጂ እሆናለሁ ትል ነበር፤ በሰፈራቸው ያኔ ሴት ባጃጅ ስትነዳ ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ልጅቷ ሣለቻት። ባጃጅ ውስጥ አስቀምጣ ሣለቻት፤ ለአሮጊት ትቆማለች፣ ምጥ የያዛትን ታደርሳለች፣ ጎረምሳ ሲሰድባት መሪውን ታዞርና ጭቃ ትረጨዋለች። ልጅቷ አንድ ገጽ በጨረሰች ቁጥር ፎቶ አንስታ በስልክ ትልክላታለች። እህቷ ዕቃ እያጠበች ታየዋለች።

«የእሷ ስም የሚጠራው እዚያ ኮሚክ ውስጥ ብቻ ነው» አለች። «እዚያ ቤት በሌላ ስም ነው የሚጠሯት።»

«እንዴት በሌላ?»

«እመቤቷ ስሟ ከበዳት። ከእሷ በፊት እዚያ ቤት የሠራች ልጅ ነበረች፣ በእሷ ስም ይጠሯታል።»

እንዲህ አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። ስም እንደ ጋቢ ነው ብዬ በሆዴ ስፎክር ከርሜ፣ እዚያ ደግሞ ስም እንደ ሽርጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ የመጣችው ሁሉ እንድትታጠቀው ይደረጋል። የሳምንቱ ንዴቴ በሙሉ የተሳሳተ ቤት ሲያንኳኳ ነበር። አሁን ትክክለኛውን ቤት አገኘ፤ ግን ያ ቤት ባሕር ማዶ ነው፣ ሚኒባስ አይሄድበትም።

ከዚያ የእኔን ነገርኳት። የእናቴን ስም፣ የአክስቴን ስም፣ ትኩሳቱን፣ እርጥቡን ጨርቅ። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«አሁንም ስትታመሚ ትጠራሻለች?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንዳንዴ ውሸትሽን አትታመሚም?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ታምሜ አውቃለሁ፣ ውሸቴን። እሷም መልሱን ከፊቴ አነበበችው መሰለኝ፣ ደግማ አልጠየቀችኝም። «እስቲ የጉሟን ልያት» ብላ እጇን ወደ ቦርሳዬ ዘረጋች። ሳላስበው ወረቀቶቹን በሙሉ አወጣሁላት፤ የጦርነቱ ገጽ ከላይ ነበር።

አየችው። ቀስ ብላ፣ ሳጥን በሳጥን። ቦርከና ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«ቆንጆ ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን ባጃጅ ሦስት ጎማ ነው ያለው። አንቺ አራት አድርገሽለታል።»

«ደሴ ውስጥ እኮ …»

«ደሴም ያለው ሦስት ነው።»

ከዚያ በኋላ መሳቅ ብቻ ነበር የቀረን። እንባዬን እየጠረግኩ ሳለ ስልኳን አንስታ ለእህቷ ድምፅ ቀዳች፦ አንዲት የደሴ ልጅ ባንቺ ስም ጀግና ሥላለች፣ መምህሩ አንዳችሁ ቀይሩ ብለውናል፣ ምን እናድርግ። መልሱ ቶሎ አይመጣም ብላኝ ነበር። ገና ሳንጨርስ ግን መጣ። ድምፁ ውስጥ የውኃና የሳህን ኳኳታ አለ። እህቷ እየሳቀች ነበር።

«የደሴዋን ሞክሼዬን ሰላም በይልኝ» አለች። «ሞክሼ ካገኘሁ ስንት ዘመኔ። እንዳትቀይር፣ አደራ። ሞክሼ ተገኝቶ እንዴት ይባረራል በያት …» ከዚያ ከሩቅ አንዲት ሴት በአንድ ስም ተጣራች። የእህቷ ስም አልነበረም። መልእክቱ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ሰኞ ገበያ፣ በርበሬው መሀል፣ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ሲዘረጉ በዓይኔ መጣብኝ። ሕይወቴን በሙሉ አይቼው ነበር እኮ። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ በአገራችን ምን እንደሚሆን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ አስተባባሪያችንም አሳምረው ያውቃሉ፤ እሳቸውም የሆነ ሰው ሞክሼ ይላቸዋል። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ሁላችንም ረሳነው፤ እንደ ፖሊስ ማን ቀደመ እያልን ቆምን።

«ወረቀት አለሽ?» አልኳት።

አንዱን ገጽ ለሁለት ተካፍለን ሣልን፤ ግራው የእኔ፣ ቀኙ የእሷ። ጀግናዬ ጉሟን ለብሳ ሐረጎን ትወርዳለች፤ የእሷ በባጃጅ ሐረጎን ትወጣለች። መሀል መንገድ ላይ፣ ጉሙ አልቆ ፀሐዩ በሚጀምርበት መታጠፊያ፣ ባጃጇ ትቆማለች። የእኔዋ ጉሟን ከፊቷ ገለጥ ታደርጋለች። ከአፋቸው በሚወጡት ክቦች ውስጥ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው። «ሞክሼ» ትላለች አንዷ። «ሞክሼ» ትላለች ሌላዋ። ከዚያ በመጨረሻዋ ሳጥን የእሷዋ፣ «ግቢ፣ ላድርስሽ፤ አፍንጫሽንም ጥረጊ» ትላታለች። ይህችን የጨመረቻት ልጅቷ ናት፤ ከእኔ ጋር ሳትማከር። ጎማዎቹን ቆጠርኩ፤ ሦስት ናቸው።

አስተባባሪያችን ሲመጡ ሌሎቹም ልጆች ገብተው ነበር። «እሺ፣ ማን ቀየረ?» አሉ።

«ማንም» አልን። አሁንም እኩል። ያ የበሩ ልጅ አፉን ሲከፍት አየሁትና ቀደምኩት፦ «አዎ፣ ተኮራረጅን።»

ገጹን ሰጠናቸው። ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ተቀመጡና ደግመው አነበቡት።

«አንባቢ ግራ አይጋባም፣ ቲቸር» አልኩ። በዚህ ጊዜ ንዴቴ በሰዓቱ ደረሰ፤ ድምፄ ራሴን ገረመኝ። «አንዷ ጉም ለብሳለች፣ አንዷ ባጃጅ ትነዳለች። ሲገናኙ ደግሞ ስም አይጠራሩም። ሞክሼ ያለው ሰው ማን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል እንዴ? እርስዎስ ሞክሼ የለዎትም?»

«አለኝ» አሉ፣ ሳያስቡት።

«ስምህን ቀይር ብለውት ያውቃሉ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ መጣ፤ ግን መምህር ስለሆኑ መለሱት። «ከማዕረጉ ጋር አንድ ነው እንግዲህ» አሉ አገጫቸውን እየደባበሱ። «ይግባ። ግን ማስታወሻ እጽፍበታለሁ።»

ደስታዬን እንዳትጠይቁኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሹራቤን መልበስ ረስቼ ደሴ ገባሁ። እናቴ ብርድ መታሽ ብላ ተቆጣችኝ።

ወላጆች የተጠሩበት ቀን ግን ማስታወሻውን አየሁት። ከገጻችን ሥር በኮምፒውተር ተጽፎ ተለጥፏል፦ «የሁለቱ ገጸ ባሕርያት ስም መመሳሰል በአጋጣሚ የተፈጠረ መሆኑን እንገልጻለን።» ከሦስቱ አውሬዎች ሥር ምንም የለም፤ ደረት ለደረት ተለጥፈው ማዕረጋቸውን ይዘው ቆመዋል። አጋጣሚ ይላሉ። አንዲት እናት ቦሩ ሜዳ ተቀምጣ ለልጇ ስም ስትመርጥ፣ ሌላ እናት ኮምቦልቻ ላይ ያንኑ ስም ስትመርጥ አጋጣሚ ነው? ስሙ ስለሚያምር ነው። ይህን አስተባባሪያችንን ለብቻቸው ጠርቼ ነገርኳቸው፤ እሺ አያለሁ አሉ። ማስታወሻው እስካሁን አልተነሳም። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ግን በእሳቸው ተናድጄ አይደለም። ሞክሼዎች ስም አይጠራሩም፤ እኔና ልጅቷም አሁን፣ ስማችን ባይገጥምም፣ በጀግኖቻችን በኩል ሞክሼ ነው የምንባባለው።

እናቴ ያን ቀን የመጣችው ዘግይታ ነው፤ የምታስረክበው ልብስ ነበራት። ሹራቧን አውልቃ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሙቀቱን እያማረረች፣ በሰው መሀል ወደ ገጻችን ስትሄድ ከልጅቷ ጋር ከበሩ ሆነን አየናት። ማስታወሻውን ዘለለችው። ከላይ፣ ርዕሱ ላይ፣ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። መነጽር ስለማታደርግ ፊቷን አስጠግታ፣ እንደ ድሮ ተማሪ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ዞር ብላ በዓይኗ ፈለገችኝ፤ ስታጣኝ ደግማ፣ አሁን ግን ማንበቧ አልነበረም፣ በዚያው ስም ተጣራች።

አቤት ብዬ ሄድኩ። ያን ቀን ምንም አላመመኝም ነበር።